በሩ ተከፍቷል

መስከረም 9

ለልጄ፤

በድለሽኛል። ከሰላምታው በፊት ይህን ልበልና ልገላገል። በስልክ የነገርኩሽን ትተሽ ያልነገርኩሽን ጻፍሽ። ጀልባዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ እናትሽ ሞተች። ከእሷ ጋር ከሰፈራችን ሌሎች አራት ሰዎች ሞቱ። ለቅሶ ላይ ሰው ስለነበረ አልተናገርኩም። አሁን ሰው ሄዷል፤ እናገራለሁ።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በሕይወት አለሁ። ሳሉ አለቀቀኝም፤ ሲበቃው ይለቀኛል። ብርድ ልብሱ ደርሶኛል። ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽው፣ አላነሳም። የላክሽልኝ አዲሱ ስልክ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የምትነግሪኝ ነገር ካለ በወረቀት ላኪልኝ። የጭነት መኪናው ሾፌር በየሁለት ሳምንቱ ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ በእሱ እጅ ይደርሰኛል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ሌላ ቃል ነበር ተብሎ አይካድም።

በደሌ ምንድን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ እዘረዝረዋለሁ።

የጎርፍ መከላከያ መሥሪያ ቤት ስትቀጠሪ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከተሞቹን በራስሽ ዘዴ መለካት ጀመርሽ፤ የእኛ ከተማ መለኪያ የኔ ዳቦ ቤት ሆነ። ክረምት በገባ ቁጥር ትደውያለሽ። ለስላሳውም ደረቁም ዳቦ ካለ ውሃው ከመንገዱ በታች ነው። ደረቁ ብቻ ከሆነ መብራት ጠፍቷል፣ በእንጨት ነው የምጋግረው፣ ውሃው መንገድ ላይ ወጥቷል። ቤቱ ከተዘጋ ጀልባ ይላካል። ባልደረቦችሽ «የሽማግሌው በር» ብለው ስም እንዳወጡለት ነገርሽን። እናትሽ ሳቀች። እኔም አልከፋኝም። እውነቱን ለመናገር ኮርቻለሁ።

ነሐሴ 17 ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ደወልሽ። «አባባ፣ በሩ ተከፍቷል?» አልሽ። «ተከፍቷል» አልኩሽ።

አርባ አንድ ዓመት ዳቦ ቤት ስሠራ፣ ዘጠኝ ክረምት ስትደውይልኝ፣ አንድም ቀን «ተከፍቷል» ብዬሽ አላውቅም። «ከፍቻለሁ» ነው የምለው። የምከፍተው እኔ ነኛ! ያን ቀን የከፈተው ውሃው ነው። መቀርቀሪያውን ገንጥሎ አንዱን የበር ክንፍ ይዞት ሄደ። እኔ አስተማሪ አልነበረኝም፤ ፊደል የለየሁት ከዱቄት ከረጢት ላይ ነው፤ ስለዚህ ቃል አላባክንም። አንቺ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ተምረሽ «ከፍቻለሁ»ን ከ«ተከፍቷል» መለየት አቃተሽ። «ክፍት» ብለሽ ጻፍሽ።

በደልሽ ይኸው ነው። መልስ መስጠት አለመስጠት የራስሽ ጉዳይ ነው።

አባትሽ


መስከረም 24

ለውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ሳሉ እንዴት አደረገዎት? መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ጨጓራዎን ይነካዎታል። እባክዎ በዚህ እንኳ ይስሙኝ።

ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ዝም ብለውኝ ሲሰነብቱ ከዚህ የባሰ ነገር ያሰቡ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳነበው ለካ እኔም በየቀኑ ለራሴ የምለው ይህንኑ ኖሯል።

የምጽፈው ለመከራከር አይደለም። የሆነውን ግን ይወቁልኝ። የወንዙን መለኪያ ዘንግ ገና ሲነጋ ውሃ ወስዶታል፤ እጄ ላይ የቀረው የራሴ መለኪያ ብቻ ነበር። አንዱ ከተማ ላይ የነዳጅ ማደያው መብራት፣ ሌላው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ደጁ ላይ የሚያወጣው ወንበር፣ እኛ ጋ የእርስዎ በር። አሥራ አንድ ከተማ፣ አራት ጀልባ። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ሲያነሳ «ወንበሬ ሄዳለች፣ እኔም ልከተላት ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እርስዎ ደግሞ በወትሮው ድምፅዎ «ተከፍቷል» አሉኝ።

አራቱንም ጀልባ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ላክሁ። ከትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ሠላሳ ስምንት ሰው አወረዱ። ሠላሳ ስምንቱን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ እናቴን በእነሱ የለወጥኳት ይመስለኛል። ይህን ለማን እንደምናገረው አላውቅም፤ ለእርስዎ ጻፍኩት።

ሁልጊዜ «ምን ምን ዳቦ አለ?» ብዬ ነበር የምጠይቅዎት። ያን ቀን አልጠየቅሁም። ቸኩዬ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል ግን የለኝም።

ሥራ ደህና ነው። ጥቂት ቀን እረፍት ሰጥተውኛል። መምጣት ፈልጌ ነበር፤ ካልጠሩኝ ግን አልመጣም።

ልጅዎ


ጥቅምት 8

ለልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሁለተኛው ላይ «ስደውል እናቴ የት ነበረች?» ብለሽ የጠየቅሽኝን መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ የኔን ጥያቄ መልሺ።

«ሥራ ደህና ነው፣ እረፍት ሰጥተውኛል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ውሸታም! እረፍት ሳይሆን እገዳ ነው። ሾፌሩ ለልብስ ሰፊው ነገረው፣ ልብስ ሰፊው ለኔ ነገረኝ። የገዛ ልጄን ወሬ ከሱሪ ጠጋኝ የምሰማ ሰው ሆንኩ። እገዳው እስከ መቼ ነው? ማን ነው ያገደሽ? ምን ብሎ? እውነቱን ጻፊ።

ልብስ ሰፊው በየቀኑ ይመጣል። ከሞቱት አምስት ሰዎች አንዷ እህቱ መሆኗን ታውቂያለሽ። የራሱን ቤት ጭቃ ሳይጨርስ የኔን ምድጃ ሊጠርግ አካፋ ይዞ ይመጣል። ሂድ ብለው አይሄድም። ደግሞ ዝም ብሎ አይሠራም፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ከትናንት በስቲያ ጭቃ እየዛቀ ወሬ ጀመረኝ።

«አይዘጌ» አለኝ፤ ዛሬም ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «እነዚህ ልጆች የለኩት ውሃውን ነው አንተን?»

«ውሃውን ነዋ!»

«ሚስትህ የወለደች ቀን ዘግተሃል?»

«አልዘጋሁም።»

«እግርህ የተሰበረ ጊዜስ?»

«ወንበር ላይ ተቀምጬ ሸጥኩ።»

«ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ?»

«ደረቁን ዳቦ በመስኮት ሸጥኩ።»

«ታዲያ ይህ ቤት በየትኛው ጎርፍ ነው የሚዘጋው? ሁለቱን ደረጃ አይተናል፤ ሦስተኛውን ያየ ሰው የለም! ልጅቷ የለካችው ያንተን ድርቅና ነው። እሱ እንደሆነ ከፍም ዝቅም አይል።»

አካፋውን ነጥቄ አስወጣሁት። በማግስቱ ሌላ አካፋ ይዞ መጣ። ኩርፊያ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

የተናገረው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል፤ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። መለኪያሽ ላይ ስህተት ካለ መለኪያውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለኩኝ ብዬ አልተመዘገብኩም።

አሁን ስለ እናትሽ ለጠየቅሽው። ስትደውይ ከኋላ ክፍል ነበረች፤ ዱቄቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያነሳች ነበር። የተባባልነውን አልሰማችም። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ምድጃው ላይ ወጣን፤ ጀልባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። በመካከሉ ስላለው ዘጠኝ ሰዓት አትጠይቂኝ። እሱ የኔ ነው።

መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ እወስዳለሁ።

አባትሽ


ጥቅምት 22

ለውድ አባባ፤

እንደምን አሉ? መድኃኒቱን በትክክል በመውሰድዎ ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ፤ እባክዎ አካፋውን አይንጠቁት።

እገዳውን ስለ ደበቅሁ ይቅርታ። ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር አልፈለግሁም። እውነቱን ጻፊ ስላሉኝ ይኸው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኅዳር 12 ጠርተውኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ክፍት» ብዬ የጻፍኩት እንዲያ ተብሎ ስለተነገረኝ ነው ወይስ እኔ በስህተት ሰምቼ? በትክክል ሰምቻለሁ ካልኩ እርስዎን ይጠይቃሉ። በስህተት ሰምቻለሁ ካልኩ ነገሩ እኔው ላይ ያበቃል። ከሥራ መባረር አለ፤ በአምስት ሰው ሕይወት ደግሞ ምናልባት ክስ።

በስህተት ሰምቻለሁ ልል ነው። እርስዎም የጻፉልኝ ይህንኑ ስለሆነ ውሸት አይሆንም። በዚህ ዕድሜዎ ባለቤትዎን ቀብረው ሳይጨርሱ አንድ ወጣት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ እንዲያፋጥጥዎት አልፈልግም። እንዳይመጡ።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። «ተከፍቷል» ሲሉኝ ከኋላዎ የእናቴን ድምፅ ሰምቻለሁ። ቃሉን አልለየሁትም። ቅርብ ነበረች፤ አፏ ስልኩ ላይ የደረሰ ያህል። እንደ ልማዷ ሰላም እያለችኝ መሰለኝና «እሷንም ሰላም ይበሉልኝ» ብዬ ዘጋሁት። ያኔ የት ነበረች ብዬ የጠየቅሁዎት ለሌላ አልነበረም፤ ሰላምታዬ ደርሷት እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

ከኋላ ክፍል ነበረች ካሉኝ ከኋላ ክፍል ነበረች። ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ


ኅዳር 2

ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል። እንደምን ነሽ?

ምድጃው ተጠርጎ አልቋል። ጡቡ ግን ውስጥ ውስጡን እርጥብ ነው። እርጥብ ጡብ ላይ እሳት ቢለቁበት ይሰነጠቃል፤ መጠበቅ ነው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 11

ለልጄ፤

ይህን የምጽፍልሽ ከመሥሪያ ቤታችሁ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጨርሼ ለጸሐፊዋ እሰጣታለሁ፤ ነገ ጠዋት ከመግባትሽ በፊት ትሰጥሻለች። ደህና ሴት ትመስላለች። ውሃ አምጥታልኛለች።

ቤትሽ አልመጣሁም። በመንገድሽ አልፌያለሁ፤ መስኮቱ ላይ ልብስ አስጥተሽ ነበር። ካየሁሽ ልናገር የመጣሁትን የማልናገር ስለመሰለኝ አልፌ ሄድኩ። በዚህ አትቀየሚኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ቅደጂው። በደለኛው እኔ ነኝ።

እናትሽ ከኋላ ክፍል አልነበረችም። ውሃው በሩን ሲገነጥለው አጠገቤ ቆማ ነበር። ጉልበታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመን እሷ ሳቀች። «ዛሬስ ተቀደምክ! አንተን ሳይጠብቅ ተከፍቷል» አለችኝ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሳቋን ትታ «እሷ ናት፤ ዘግተናል በላት» አለች። ከማንሳቴ በፊት አንድ ጊዜ፣ ካነሳሁት በኋላ ሁለት ጊዜ። «ዘግተናል በላት! አንተ ሰው፣ ስጠኝ፤ እኔው ልንገራት» ብላ እጇን ዘረጋች። ጀርባዬን ሰጠኋት። አንቺ የሰማሽው ድምፅ ይህ ነው። ሰላምታ አልነበረም።

«ዘግቻለሁ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ከፍቻለሁ» እንዳልል ውሸት ነው። ስለዚህ ከእናትሽ ቀልድ ላይ ቃል አንስቼ ሰጠሁሽ። እኔ እውነት የተናገርኩ እንዲሆን፣ አንቺ ደግሞ ሌላ እንድትሰሚ። አውቄ ነው ልጄ። «ክፍት» ብለሽ እንደምትጽፊ አውቅ ነበር፤ እንድትጽፊም ፈልጌ ነበር። ሦስት ጎርፍ አይቼ ስለነበር አራተኛውን ያወቅሁት መሰለኝ። እስከ ቀትር ይጎድላል፣ ከሰዓት እጋግራለሁ፣ አይዘጌ ዘጋ የሚል ሰው አይኖርም አልኩ። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሰላምታሽ ደርሷታል። ምድጃው ላይ ከወጣን በኋላ ነገርኳት። «እሷስ ደህና ናት?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኳት። በዘጠኙ ሰዓት ውስጥ ስለ ስልኩ አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም። ብርዱ እያንቀጠቀጣት እንኳ የምታወራው ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነበር። ብትወቅሰኝ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወሬዋ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ እኔ ብቻዬን ሳወራ ቆየሁ።

ወደዚህ ከመነሳቴ በፊት ለልብስ ሰፊው ነግሬዋለሁ። እህቱ ናት የሞተችው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከኔ ይስማ አልኩ። ኮቴን እየተኮሰልኝ፣ «ለሠርግ ነው ለምስክርነት?» እያለ ይቀልድ ነበር። ስጨርስ ካውያው በእጁ እንዳለ ቆመ። ኮቱን ያቃጥለዋል ብዬ አሰብኩ፤ ያቃጥለው ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሌላኛውን እጅጌ ተኮሰ፣ አንገትጌውን ተኮሰ፣ አጥፎ ሰጠኝ። ያ ሰው ዝም ሲል ሳየው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው። ወጣቱ «ታዲያ አባት፣ በቀጥታ ቢነግሯት ምን ነበረበት?» አለኝ። «አርባ አንድ ዓመት ዘግቼ ስለማላውቅ ነው» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌላዋ፣ «እንዲህ ካሉ ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ እንደሚዞር ያውቃሉ?» አለችኝ። «ለሱ ነው የመጣሁት» አልኳት። የሞቱትን አምስቱንም ሰዎች ስም በየተራ አስጻፍኳቸው፤ የእናትሽን መጨረሻ ላይ። ከዚያ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ፤ «ልጄ የነገርኳትን በትክክል ሰምታ በትክክል ጽፋለች። እንድትስት አድርጌ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ነገ በስህተት ሰምቻለሁ እንዳትይ። ውሸት ይሆናል። ለኔ ብለሽ መዋሸት አትችይም፤ አልፈቅድም።

ይህን ለልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ፣ ለኮሚቴው አንድ ጊዜ፣ ላንቺ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሌላ ጊዜ የለም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ብዬዎታለሁ ብለሽ ብትጽፊ አልመልስም፤ ብትረግሚኝም አልመልስም። መምጣት ስትፈልጊ ነይ። ሳልጠራሽም ነይ። እናትሽ በልጅነቷ ምን ትመስል እንደነበር ጠይቂኝ፤ እነግርሻለሁ። ማን እንዳጋባን፣ አንቺ የተወለድሽ ቀን ምን እንዳለችኝ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ሌሊቱ ይንጋ እንጂ አይታክተኝም። ስለዚያ ጠዋት ብታነሺ ግን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እወጣለሁ። እስክሞት ድረስ ስለሱ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።

አባትሽ